የሊቀመንበሩ ደም

ለአባትየው በሽታ የልጅየው ደም እንዲሰጥ ቤተሰቡ በሙሉ ድምፅ ሲወስን፣ አባትየው ከግድግዳው ማዶ አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው ሬዲዮ ይሰሙ ነበር። ስብሰባው የተካሄደው ገና በማለዳ ሳሎን ውስጥ ነው፤ በሩ ተዘግቶ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ፣ ሻይ ተቀድቶ። የመራው የበኩር ልጅ ነው። እህቱና ወንድሙ ፊት ለፊት «ጋሼ» ይሉታል፤ ዘወር ሲል ግን ስሙ «ሊቀመንበሩ» ነው። የውኃ ቧንቧ በሚያስመጣ ድርጅት የግዢ ክፍል ምክትል ኃላፊ ሆኖ ብዙ ዓመት አገልግሏል። ዋናው ኃላፊ አንድም ቀን ታሞ ስለማያውቅ በመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ የመምራት ዕድል አልገጠመውም፤ ስለዚህ ያንን ሁሉ ጥማት የሚወጣው ቤቱ ውስጥ ነው። የሳሎኑ መጋረጃ ሲቀየር ስብሰባ ተጠርቷል። ድመቷ ስትወልድ ስብሰባ ተጠርቷል። የዛሬው አጀንዳ ከእነዚያ ስለሚከብድ ክራቫት አስሮ ነበር የተቀመጠው።

ከሆስፒታል ተደውሎ ነበር። አባትየው ቀዶ ጥገና በተደረገላቸው ጊዜ ከቆሽታቸው ተቆርጦ የወጣ ሥጋ በበረዶ ተቀምጧል፤ የምርምር ክፍሉ ያንን ካንሰር ለይተው የሚያውቁ ሴሎች ከራሳቸው ደም ውስጥ ፈልጎ፣ አባዝቶ፣ መልሶ ሊሰጣቸው ይሞክራል። መምጣት ያለባቸው ዛሬ ነው፤ ዛሬ ካልመጡ ቦታው ለሌላ ታማሚ ይሰጣል። እስከዚህ ድረስ ደስ የሚል ወሬ ነው። ቤቱን ያስጨነቀው ደዋይዋ መጨረሻ ላይ ያከለችው ነገር ነው፦ ዶክተሯ በሽታውን ለታማሚው ራሷ ታስረዳቸዋለች፣ እሳቸውም በገዛ አፋቸው እሺ ማለት አለባቸው። ታማሚው ግን ካንሰር እንዳለባቸው አያውቁም።

እንዲያውቁ አልተፈለገም። ቀዶ ሐኪሙ ወጥቶ ነገሩን ለልጆቹ በነገራቸው ቀን ሊቀመንበሩ እዚያው ኮሪደር ላይ አስቸኳይ ስብሰባ ጠርቶ፣ አባታቸው የሐሞት ጠጠር ነበረባቸው እንዲባል አስወሰነ። ውሳኔውን ለማጠናከርም ወደ ሆስፒታሉ አትክልት ቦታ ወረደና መጠኑ የተመቸውን ጠጠር መርጦ፣ አጥቦ፣ በመድኃኒት ብልቃጥ አድርጎ «ይኸውልህ አባዬ፣ ያሠቃየህ ይሄ ነው» ብሎ ሰጣቸው። ሽማግሌው ብልቃጡን መስኮታቸው ላይ አስቀምጠው ለመጣ ጠያቂ ሁሉ ያሳያሉ። ይሄ ሆዴ ውስጥ ነበር ይላሉ፤ ጠያቂውም ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ይደነቃል። እኚህ ሰው ጡረታ እስኪወጡ የአውቶቡስ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ። በሰው የወር ካርድ የተሳፈረን ሰው ከኋላ ወንበር ላይ ሆኖ ፊቱን ወደ መስኮት ማዞሩን ብቻ አይተው ያውቁት ነበር ይባላል። በልጆቻቸው ፊት ላይ ግን የሚያዩት የራሳቸውን ግንባርና የራሳቸውን አፍንጫ ስለሆነ መጠርጠር አልቻሉም። የገዛ አፍንጫውን ማን ትኬት አሳየኝ ይላል?

የልጅ ደም የሚለውን ሐሳብ ያመጣው ራሱ ሊቀመንበሩ ነው። የአባዬ ደም ደክሟል፣ የኔ ግን ገና ትኩስ ነው፤ እኔ ሄጄ በእሱ ስም ብሰጥ አባዬ ሳይደነግጥ ይድናል፣ ሐኪሞቹም የተሻለ ደም ያገኛሉ አለ። እህቱ የፀጉር ቤት አላት፤ ዕንባዋ ከቃሏ ይቀድማል። አባዬ ካንሰር የሚለውን ከሰማ በድንጋጤ ብቻ ነው የሚሞተው ብላ አለቀሰችና ደገፈችው። ታናሽ ወንድማቸው የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። በስብሰባ ላይ «የጋሼን ሐሳብ እደግፋለሁ» ከማለት በቀር ተናግሮ የማያውቅ ሰው ዛሬ ሙያው ሆነና ማብራሪያ ሰጠ። ኦሪጂናሉ ዕቃ ባይሆንም የአንድ ፋብሪካ ዕቃ እስከሆነ ድረስ ይገጥማል አለ። ይህን ሰምቶ የማይረጋጋ አልነበረም።

የሊቀመንበሩ ሚስት ስኒ ልታነሣ ገባች። ሽማግሌውን የምታጥበው፣ የምታበላው፣ ወደ ሐኪም የምታመላልሰው እሷ ናት፤ በስብሰባ ላይ ግን ድምፅ የላትም። መምረጥ የሚችለው የሥጋ ዘመድ ብቻ እንዲሆን ባሏ ካስወሰነ ቆይቷል። የራሳቸውን ደም ነው እኮ ያሉት አለች ቀስ ብላ። «ይሄ የደም ጉዳይ ነው» አላት ሊቀመንበሩ። ስኒዎቹን ሰብስባ ወጣች።

መታወቂያው አላስቸገረም። ፎቶውን አባትየው የተነሡት ገና ሥራ ላይ ሳሉ ነው፤ ጉንጫቸው ሞልቶ፣ አንገታቸው ደንድኖ፣ ዓለም ሁሉ ያለ ትኬት የተሳፈረ ይመስል በጥርጣሬ እያዩ። እህትየው ካርዱን ከወንድሟ ጉንጭ አጠገብ ይዛ አየችና ቁርጥ አንተን አለች። የቀረው የትውልድ ዘመኑ ነው። ሊቀመንበሩ ሃምሳን ትንሽ ተሻግሯል፣ ፀጉሩንም ቀለም ይቀባል፤ ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው እንዴት እንዲህ ሳያረጅ ቀረ ብለው ሲጠይቁት የሚመልሰውን በታክሲው ውስጥ ሲያጠና ሄደ። በጠዋት እነሣለሁ፣ ቅባት አልበላም፣ ሰው አላማም ሊል ነው።

ሆስፒታሉ በር ላይ ብርቱካን የሚሸጡ ሴቶች ተደርድረዋል። ዋጋው ወደ በሩ በተጠጉ ቁጥር ይጨምራል፤ የሰው ጭንቀት የት ቦታ ላይ ስንት እንደሚያወጣ ያውቁታል። ጥበቃው ከሊቀመንበሩ ፊት የነበረችውን ሴት የሾርባ ፔርሙዝ አስከፍቶ አሸተተ፣ ቦርሳዋን በረበረ፣ እህቷ የተኛችበትን ክፍል ሁለት ጊዜ ጠየቃት። የሊቀመንበሩን መታወቂያ ግን አየት አድርጎ፣ ፊቱን አየት አድርጎ፣ «ይግቡ አባት» አለውና የታማሚ ባጅ አንገቱ ላይ አንጠለጠለለት። ሊቀመንበሩ ትንሽ ቆመ። ሌላ ጥያቄ አልመጣም።

ነርሷም አልጠረጠረችም። አባባ እዚህ ይቀመጡ ብላ እጅጌውን ሰበሰበች። የትውልድ ዘመኑን ስትጠይቀው ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ የአባቱን ተናገረ፤ አንገቷን ቀና ሳታደርግ ጻፈች። ቁስሉ ጠገገልዎት ወይ አለች፤ ምንም ያልነካው ሆዱን በመዳፉ ሸፍኖ ደህና ነው አላት። ቀጥላ ሌሊት ሽንት ያስነሣዎታል ወይ ብላ ጠየቀችው። ታክሲ ውስጥ ያጠናው መልስ ሁሉ ባክኖ ቀረ። አልፎ አልፎ አላት፤ ይህ ደግሞ በዚያን ቀን ከተናገረው ሁሉ እውነተኛው ነበር። ለመጀመሪያው ምርመራ የሚሆን ትንሽ ደም ቀድታ፣ ዋናው በማሽን የሚወሰደው ዶክተሯ ካነጋገረችው በኋላ መሆኑን ነግራ ላከችው።

የዶክተሯ ክፍል ጠባብ ነው። አንድ የሚያጉረመርም ፍሪጅ፣ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር፣ ወደ ሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ግቢ የሚያሳይ መስኮት አለው፤ ግቢው ውስጥ አንሶላ በረድፍ ተሰጥቷል። ዶክተሯ ቀጭን ወጣት ሴት ናት፣ እስክሪብቶዋን ጆሮዋ ላይ ሰክታለች። ቀዶ ጥገናው ላይ ስላልነበረች የምታውቀው ሥጋውን እንጂ ሰውየውን አልነበረም። ስለ በሽታዎ ምን ያህል ያውቃሉ ብላ ጠየቀችው። ሁሉንም አውቃለሁ አላት፤ ስብሰባ ላይ ሪፖርት ያቀረበው ራሱ ነውና። እንዲያም ሆኖ ሙሉውን መንገር ግዴታዬ ነው አለች።

«ያለብዎት የቆሽት ካንሰር ነው። በቀዶ ጥገናው ሙሉ በሙሉ አልወጣም። ያለን መድኃኒት ዕድሜዎን ያራዝም ይሆናል እንጂ አያድንዎትም። ይሄ ጥናትም ያድናል ብዬ ቃል አልገባልዎትም።»

እነዚህን ዓረፍተ ነገሮች ሊቀመንበሩ በቃሉ ያውቃቸዋል። እሱ ራሱ ሳሎን ውስጥ ሻይ እየጠጣ ለታናናሾቹ ተናግሯቸዋል። ያኔ ግን «እሱ» ነበር የሚሉት። አሁን ሴትየዋ ዓይን ዓይኑን እያየች «እርስዎ» ስትል ነገሩ የተነገረው ለሱ ሆነ፤ ክራቫቱን ላላ አደረገ።

ዶክተሯ ወደ መስኮቱ እያመለከተች ቀጠለች። እያንዳንዱ የሰውነት ሴል ውስጡ ከሚሠራው ነገር ቁርጥራጭ እያወጣ እንደ ልብስ ደጁ ላይ ያሰጣል አለችው። ቲ ሴል የሚባሉ የደም ዘበኞች አሉ፤ ቤት ውስጥ አይገቡም፣ ከደጅ ደጅ እየዞሩ የተሰጣውን ይዳስሳሉ። የሚያውቁት ልብስ ከሆነ ያልፋሉ፣ የማያውቁት ከሆነ ቤቱን ያፈርሱታል። ካንሰር ግን ከውጭ የገባ ሌባ አይደለም፣ የገዛ ሥጋ ነው። የሚያሰጣው ልብስ የቤቱ ልብስ ነው፤ የተቀየረችው አንዲት ክር ብቻ ናት። የቆሽቱ ደግሞ ከሌላው ይብሳል። ያሰጣውን መልሶ ወደ ውስጥ ይሰበስባል፣ ዙሪያውን እንደ ጠባሳ በደደረ አጥር ያጥራል፣ ዘበኞቹም አጥሩ ሥር ደክሟቸው ይቀራሉ። ያም ሆኖ በአንዳንድ ሰው ደም ውስጥ ያቺን የተቀየረች ክር የሚለዩ ጥቂት ሴሎች ይገኛሉ። የምንፈልገው እነሱን ነው አለች።

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠራረገ። የልጅ ደም ቢሆንስ አለ፣ ወጣት ደም፣ ብርቱ ደም። ዶክተሯ ፈገግ አለች፤ ይህን የሚያቀርብ ቤተሰብ ብዙ ነው፣ ፍቅር ነው አለች። ግን ልብሱ የሚሰጣበት መስቀያ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ዘበኞቹም ልብስ መለየት የተማሩት በራሳቸው ቤት መስቀያ ላይ ብቻ ነው። ልጅ ደግሞ ግማሹን መስቀያ ከእናቱ ወርሷል።

«የልጅዎ ሴሎች እርስዎ ውስጥ ቢገቡ ካንሰሩን ትተው እርስዎን ነው ባዕድ የሚያደርጉዎት» አለችው።

«ልጅ ለአባቱ ባዕድ?»

«በዚህ ጉዳይ፣ አዎ።»

ከዚያ ፍሪጁን በመዳፏ መታ መታ አደረገችና የቀረው ሥጋ ከባቄላ ፍሬ እንደማይበልጥ፣ የሚበቃውም ለአንድ ሙከራ ብቻ እንደሆነ፣ ነገ ጠዋት ቀልጦ ከሚወሰደው ደም ጋር እንደሚገናኝ ነገረችው። ደሙ የተሳሳተ ቢሆን ሌላ ሥጋ የለንም አለች፣ እንደ ቀላል ነገር። ሊቀመንበሩን የወንድሙ ሱቅ ትዝ አለው፤ የአንድ ፋብሪካ ዕቃ፣ ይገጥማል። ምን ያህል ጊዜ አለኝ ብሎ ጠየቀ። ለምን «አለኝ» እንዳለ አያውቅም። ብዙውን ጊዜ ከዓመት አያልፍም አለችው። ጫማውን አየ። ባለፈው ወር የገዛው ጫማ ነው፤ ሶሉ እንኳን አልተነካም። ለአንድ አፍታ በእውነት ሞተ፤ ስብሰባውን ወንድሙ ሲመራው፣ «የጋሼን ሐሳብ እደግፋለሁ» የሚል ሰው ሲጠፋ ታየው። ዶክተሯ ውኃ ሰጠችውና ቤተሰብዎ ያውቃል ወይ አለች።

«ሁሉም ያውቃል።»

«ጥሩ ነው። እንግዲያው የሚያወሩት ሰው አለዎት። እርስዎ ራስዎ ምንድን ነው የሚፈልጉት?»

ይህን ጥያቄ በዚያ ቤት ማንም ለማንም አቅርቦት አያውቅም፤ አጀንዳ ሆኖ አልተያዘም። ሊቀመንበሩ እኔ እኮ እሱ አይደለሁም ማለት ነበረበት። ሊል የፈለገውም እሱን ነው፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«አባቴን ልጠይቅ» አለ።

ዶክተሯ ስንት ሽማግሌ የሞተ አባቱን ሲጠራ ሰምታለች። ትከሻውን ዳበስ አደረገችው። አይቸኩሉ፣ ማሽኑ እስከ ሥራ መውጫ ድረስ የእርስዎ ነው አለችው። ባጁን በሩ ላይ መልሶ ወጣ።

የታክሲው ሹፌር የጎማ ዋጋ መናሩን እየነገረ ቤቱ አደረሰው። እህትና ወንድሙ ሳሎን ውስጥ ይጠብቁት ነበር፤ ወሰዱልህ፣ አመመህ፣ ማንስ ጠረጠረህ አሉት። ማንም አልጠረጠረኝም አለና ተቀምጦ ስብሰባ ጠራ። ሌላ የሚያውቀው ነገር ስለሌለ ነው። የአባዬ ደም ራሱ ካልሆነ አይሆንም፣ ዛሬ ካልሆነም አይሆንም፣ ስለዚህ አባዬ መስማት አለበት አላቸው። እህትየው አለቀሰች። ጥቂት ጥቂት እየተባለ ይነገረው፣ ዛሬ ቁስል ነው እንበል፣ በሳምንቱ መጥፎ ቁስል ነው እንበል አለች። ወንድምየው ዶክተሯ በውጭ ቋንቋ ትንገረውና እሱ እሺ ይበል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ይህ ሐሳብ ረጅም ውይይት ተካሄደበት። ሚስትየዋ ምሳ አቀረበች፣ ሾርባው ቀዘቀዘ፣ መልሳ አሞቀችው፣ እንደገና ቀዘቀዘ። በመስኮቱ የገባችው ፀሐይ ከአንዱ ሶፋ ወደ ሌላው ተሻገረች። ወትሮ እንዲህ ሲሆን ሊቀመንበሩ ብድግ ብሎ የሁሉንም ሐሳብ ያጠቃልልና የራሱን ያጸድቅ ነበር። ዛሬ ጫማውን ያያል።

«በድንጋጤ ይሞታል አልኩህ እኮ ጋሼ» አለች እህቱ።

«እኔን ነግረውኛል። አልሞትኩም።»

«አንተማ ምን ሆነህ ትሞታለህ? በሽታው የሱ ነው።»

ሊቀመንበሩ ስብሰባውን ሳይዘጋ ተነሥቶ ወደ አባቱ ክፍል ሄደ። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ቤት ታይቶ ስለማይታወቅ ሁለቱ ተያዩ፤ ይቀመጡ ወይስ ይነሡ አላወቁም።

ክፍሉ መድኃኒትና የታጠበ ብርድ ልብስ ይሸታል። ሽማግሌው ትራስ ደገፍ ብለዋል፤ ጉንጫቸው ገብቷል፣ የዓይናቸው ነጩ ወደ ቢጫ ሄዷል፣ የሸሚዛቸው አንገት ለሁለት ሰው የተሠራ ይመስላል። ሬዲዮው የእግር ኳስ ጨዋታ ያስተላልፋል። ሊቀመንበሩ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ሌላ አነጋገር ስላልመጣለት ዶክተሯ በነገረችው ቃል ጀመረ።

«ያለብዎት የቆሽት ካንሰር ነው» አለ።

ሽማግሌው ሬዲዮውን ዘጉ። «ከመቼ ወዲህ ነው እርስዎ የምትለኝ?»

ቀሪውን አንገቱን ደፍቶ ተናገረ። አልወጣም አለ። መድኃኒቱ አያድንም አለ። የሚሞከር ነገር አለ፣ ቃል ግን አይገቡም አለ። ሽማግሌው አላቋረጡትም። ሲጨርስ ወደ መስኮቱ ዞረው ብልቃጡን አዩ።

«ይሄስ?»

«ከአትክልቱ ቦታ ነው።»

«ማን ለቀመው?»

«እኔ።»

ሽማግሌው ብልቃጡን አነሡት። ከንፈራቸው ሲንቀጠቀጥ ሊያለቅሱ ነው ብሎ ፈራ። «ጎረቤቱን ሁሉ አሳይቻለሁ» አሉ በመጨረሻ። «የመንገድ ጠጠር። አንድ አስተማሪ ፎቶ አንሥቶታል።» ከዚያ ጠዋት መታወቂያቸውን ፈልገው ማጣታቸውን፣ እሱ የት እንደነበረ ጠየቁት። እሱንም ነገራቸው፤ በሩን፣ ነርሷን፣ ወንበሩን፣ መስኮቱን።

«በኔ ካርድ ተሳፈርክ» አሉ ተቆጣጣሪው። «እንዲህ ያለውን ነበር መሐል መንገድ ላይ የማወርደው። ወርዶ ሲሄድ ደግሞ ዞሬ አላየውም ነበር።» ብርድ ልብሱን ከላያቸው ገፈው ወደ በሩ ተጣሩ። «ልጄ፣ እስቲ ጫማዬን» አሉ፤ የተጣሩት ምራታቸውን ነው።

እህትየው ኮሪደሩ ላይ ልትደግፋቸው እጇን ስትዘረጋ ሽማግሌው በምራታቸው ትከሻ ተደግፈው አለፏት። ምራትየዋ ታክሲው ውስጥ አስገብታቸው መስኮቱን በልካቸው ዝቅ አደረገችላቸውና ለሁሉም የሚበቃ ቦታ የለም ብላ ቀረች። አባትና ልጅ ብቻ ተሳፈሩ። ብርቱካን ሻጮቹ ከፀሐዩ ሽሽት ወደ ግንቡ ተጠግተዋል። በሩ ላይ የጠዋቱ ጥበቃ ነበር። መታወቂያውን ተቀብሎ አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ እንደገና ፎቶውን አየ።

«አባት፣ ይሄ የሰው መታወቂያ ነው» አለ በትሕትና። «ባለቤቱ ጠዋት ገብተው ወጥተዋል። ይኸው እኚህ ናቸው» ብሎ ወደ ሊቀመንበሩ ጠቆመ።

ሽማግሌው ካርዱን ተቀብለው አራቅ አድርገው ፎቶውን ተመለከቱ። ሙሉውን ጉንጭ አዩ፣ የደነደነውን አንገት አዩ። ከዚያ ልጃቸውን ከጫማው እስከ ፀጉሩ ቀለም አዩት።

«ልክ ነው» አሉ ለጥበቃው። «እኔም ብሆን አላስገባም ነበር።»

ከኋላቸው ሰልፍ ተሠርቷል። ሽማግሌው ግንቡን ተደግፈው ቆሙ፤ የሚናገረው ልጃቸው መሆኑ ግልጽ ነበር። ሊቀመንበሩ ክራቫቱን አስተካክሎ «በመሠረቱ» ብሎ ጀመረ። ጠዋት የገባሁት እኔ አይደለሁም አለ። ማለቴ እኔ ነኝ፣ ግን እሱ አይደለሁም አለ። ጥበቃው ቀስ ብለው ያስረዱኝ አለው። ከብርቱካን ሻጮቹ አንዷ ተመረረችና ከተቀመጠችበት ሆና አቃለለችለት፦ ሰውየው በአባቱ ስም ገብቶ ታክሞ ነው የሚልህ። ሰልፉ ሳቀ። ጥበቃው አልሳቀም፤ ምን አስቦ እንደሆነ ሊቀመንበሩን ጠየቀው።

«እንዳይደነግጥ ብዬ ነው።»

ጥበቃው ግንቡን ተደግፈው የቆሙትን ሽማግሌ አየ፤ ቀጥሎ ክራቫቱን ደጋግሞ የሚያስተካክለውን ሊቀመንበር አየ። «ታዲያ የደነገጠው ማነው?» አለና ስልኩን አነሣ።

ዶክተሯ ራሷ ወረደች። አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። «ጠዋት ያ ሁሉ የነገርኩት…» ብላ ሳትጨርስ ተወችው። የጠዋቱ ደም እንዲደፋ በስልክ አዘዘች። በሊቀመንበሩ ላይ አልጮኸችም፤ ዋናው ደም ተወስዶ ቢሆን ኖሮ ነገ ጠዋት ሥጋው እንደሚባክንና ማንም ምክንያቱን ሳያውቅ አልተሳካም ይባል እንደነበር ብቻ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችው። ሰልፉ ፊት ቢጮኽበት ይሻለው ነበር። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞራ ለምን እንደመጡ ያውቁ እንደሆን ጠየቀቻቸው።

«ልሰማ ነው የመጣሁት» አሉ። «ይሄኛው ጀምሮልኛል። ግን በሰው በኩል የሰማሁት ነገር በዝቶብኛል።»

ክፍሏ በር ላይ ሲደርሱ ከቤተሰብ ሰው አብሮ እንዲገባላቸው ይፈልጉ እንደሆን ጠየቀች። ሊቀመንበሩ በልማድ አንድ እግሩን አስቀደመ። አባቱ ክንዳቸውን ከክንዱ አላቀቁ።

«እሱ ሰምቷል» አሉ። «አሁን ተራው የኔ ነው።»

በሩ ተዘጋ። ሊቀመንበሩ ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ተቀመጠ፤ እሱ ያልመራው ስብሰባ ከበሩ ጀርባ ይካሄዳል። ስልኩ ጮኸ። እህቱ ናት፣ ደንግጦ ወደቀ ወይ ትላለች። አላውቅም አላት። ወንድሙ ደወለ፣ ምን ተወሰነ ይላል። አላውቅም አለው። የበኩር ልጅ ሆነህ እንዴት አታውቅም ሲለው ስልኩን ዘጋው። ጆሮውን ወደ በሩ አዘነበለ። የዶክተሯ ድምፅ ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይም፤ ከዚያ የአባቱ ድምፅ፣ ወደ ላይ የሚነሣ፣ የጥያቄ ድምፅ። መልስ። ሌላ ጥያቄ። እንደገና ሌላ። ሰውየው እንደ ጥንቱ ከወንበር ወንበር እየሄዱ አንድም ሳይዘሉ የሚጠይቁ ይመስል ነበር። ሊቀመንበሩ ጠዋት እሱ የጠየቀውን አስታወሰ። ስለ ራሱ ደምና ስለ ቀረው ጊዜ ነበር፤ ሌላ የለም።

በሩ ሲከፈት ሽማግሌው አላዩትም፤ ነርሷ ደግፋ ወደ ማሽኑ ክፍል አሳለፈቻቸው። በመስተዋቱ ውስጥ ይታያሉ። ከአንዱ ክንዳቸው የወጣው ደም በቀጭን ቱቦ ሄዶ ማሽኑ ውስጥ ዞሮ በሌላው ክንዳቸው ይመለሳል። እሺ ብለዋል ማለት ነው። መቼ እንዳሉ፣ በምን ቃል እንዳሉ፣ አልቅሰው ይሁን ሳያለቅሱ፣ ልጃቸው አላየም፤ ፊታቸውን ሲመረምርም የሚያነበው ነገር አጣ። ያቺን ክር የምትለይ ሴል በዚያ ደም ውስጥ ትኑር አትኑር የሚያውቅም አልነበረም። ነርሷ ብርድ ልብስ ደረበችላቸው፤ አንድ ነገር አሏት፣ ሳቀች።

ሠራተኞቹ ጋዋናቸውን እያወለቁ መውጣት ሲጀምሩ ሽማግሌው ሁለት ክንዳቸው ላይ ጥጥ ተለጥፎባቸው ወጡና አግዳሚው ላይ ከልጃቸው ጎን ቀስ ብለው ተቀመጡ። ኮሪደሩን የሚያጥበው ሰው ባልዲውን እየገፋ በፊታቸው አለፈ። ሊቀመንበሩ የሚለውን ፈለገ። ይቅርታ የሚለው ቃል አፉ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ነገር ግን ይቅርታን ጠይቆ ስለማያውቅ በምን እንደሚጀመር ጠፋው። በመጨረሻ የተናገሩት አባቱ ናቸው።

«ጠዋት ሲነግሩህ ብቻህን ነበርክ?»

«ብቻዬን ነበርኩ።»

ሽማግሌው ክንዳቸውን እያመማቸው ዘርግተው እጃቸውን ጉልበቱ ላይ አሳረፉለት።

«አይዞህ» አሉት።